ማንዶሊኑን ይዤ ለገና እደርሳለሁ?

ኅዳር ሲገባ ስለ ማንዶሊን የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ይበዙብኛል። የዘንድሮዎቹ ብዙዎቹ ከጎጃም ናቸው። አራቱን መርጬ ከዚህ በታች እመልሳለሁ። የመጀመሪያው ላይ ብዙ ቆይቻለሁ፤ አዲስ ጀማሪ ሁሉ የሚጠይቀው እሱን ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ፍኖተ ሰላም የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ማንዶሊን ገዝቶ አመጣልኝ። ከዚህ በፊት ምንም የሙዚቃ መሣሪያ ነክቼ አላውቅም። ለገና ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ሁለት ሦስት ዜማ ብጫወትላቸው ደስ ይለኛል። ስልክ ላይ የማገኘው ትምህርት ግን የፈረንጆቹ የገና ዘፈን ብቻ ነው። ጣቴም በጣም ያመኛል። አሁን ብጀምር እደርሳለሁ ወይስ ለከርሞ ልተወው?

መልስ፦ ትደርሻለሽ እህቴ። ለከርሞ አትተዪው። ጾሙ ኅዳር 15 ይገባል፣ ገና ታኅሣሥ 29 ነው። ስድስት ሳምንት ማለት ነው። በስድስት ሳምንት ማንዶሊን ተጫዋች አትሆኚም፣ ሦስት ዜማ አጣርቶ መጫወት ግን ይቻላል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ አሥር ዜማ አትጀምሪ። ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ሰኞ አንድ ዘፈን ይሞክራል፣ ማክሰኞ ሌላ፣ ገና ሲደርስ የስምንት ዘፈን መግቢያ ያውቃል፣ የአንዱንም መጨረሻ አያውቅም።

ከሁሉ በፊት መሣሪያሽን እወቂው። ማንዶሊን ስምንት ክር አለው፣ ግን ሁለት ሁለቱ አንድ ላይ አንድ ዓይነት ድምፅ ስለሚሰጡ እንደ አራት ነው የምታስቢያቸው። ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ ይባላሉ። የቫዮሊን ቅኝት ነው። አንዱ በትክክል ከተቃኘ ሌሎቹን በጆሮሽ ታገኛቸዋለሽ፤ የጂን ክር 7ኛው ፍሬት ላይ (ፍሬት አንገቱ ላይ የተደረደሩት ብረቶች ናቸው) ስትጫኚው የሚሰማው ድምፅ ከክፍቱ፣ ማለትም ጣት ካላረፈበት ዲ ጋር አንድ መሆን አለበት። የዲ 7ኛ ከኤ ጋር፣ የኤ 7ኛ ከኢ ጋር እንዲሁ። ጥንዶቹን ስታስማሚ መጀመሪያ አንዱን ብቻ ቃኚ። ከዚያ ሁለቱን አብረሽ ምቺ። ድምፁ ዋው ዋው እያለ ከተወዛወዘ ገና ነው፣ ውዝዋዜው ሲጠፋ ገጠሙ ማለት ነው። ይህን ሳታደርጊ በፍጹም ልምምድ አትጀምሪ። ባልተቃኘ መሣሪያ የተለማመደ ጆሮ ተበላሽቶ ይቀራል፣ እሱን ማረም ደግሞ ጣትን ከማረም በጣም ይከብዳል።

አሁን ወደ ዜማው። ጠቃሚ የምለው ይህንን ነው፦ በጆሮሽ ካለው ጀምሪ። አንቺ ፍኖተ ሰላም ያደግሽ ሰው ነሽ፣ ጆሮሽ ውስጥ ትዝታ አለ፣ ባቲ አለ፣ አምባሰል አለ። ስማቸውን ባታውቂም ስትሰሚ ታውቂያቸዋለሽ። ማንዶሊን ላይ ደግሞ ትዝታ ሜጀር በጣም ቀላል ቦታ ላይ ነው የተቀመጠው። ቁጥሮቹ የፍሬት ቁጥሮች ናቸው፤ ዜሮ ማለት ጣት ሳታሳርፊ ክፍቱን ክር መምታት ነው እንበል። ዲ ክር ላይ 0፣ 2፣ 4። ኤ ክር ላይ 0፣ 2፣ 5። አለቀ። ይኸው ነው ትዝታ ሜጀር። 2ን በጠቋሚ ጣት፣ 4ን በመሃል ጣት፣ 5ን በቀለበት ጣት ያዢ። ወደ ላይ ውጪ፣ ወደ ታች ውረጂ። ጂ እና ዲ ክር ላይም በዚያው ጣት በዚያው ቦታ ይሠራል። ትዝታ ማይነር ከፈለግሽ ሁለት ቦታ ብቻ ነው የምትቀይሪው፦ ዲ ላይ 4 የነበረው 3 ይሆናል፣ ኤ ላይ 2 የነበረው 1 ይሆናል። አምባሰል ደግሞ ዲ ላይ 0፣ 1፣ 5፣ ኤ ላይ 0፣ 1፣ 5 ነው። እስኪ ቀስ ብለሽ ምቺውና ስሚው። የምታውቂው ነገር ከእጅሽ ሲወጣ ትሰሚያለሽ፣ ያ ደስታ ለሳምንት ያስለማምድሻል።

የመጀመሪያ ዜማሽ የገና ጨዋታው ይሁን። ሜዳ ላይ ሩሯን ሲያሳድዱ «አሲና ገናዬ» እያሉ የሚቀባበሉትን ማለቴ ነው። አንቺ አካባቢ ግጥሙ ትንሽ ይለይ ይሆናል፣ አያቶችሽ ወይም ጎረቤት ያሉ ትልልቅ ሰዎች የሚሉትን ያዢ። ታብ፣ ማለትም የትኛው ክር የትኛው ፍሬት ላይ እንደሚያዝ በቁጥር የሚያሳየውን ጽሑፍ፣ ከስልክ አትፈልጊ። እንዲህ አድርጊ፦ ማንዶሊኑን አስቀምጪና ዝፈኚው። ወጥ እየሠራሽም ይሁን መንገድ ላይ፣ ቃሉን ትተሽ በ«ላ ላ» እስክትዘልቂው ድረስ። ከዚያ የመጨረሻውን ድምፅ ያዢ። ዜማው ሲያልቅ የሚያርፍበት ድምፅ ቤቱ ነው። እሱን ክፍቱ ዲ ላይ አስቀምጪው፣ ማለትም ዲን ምቺና ከዚያ ድምፅ ላይ እንዲያርፍ አድርገሽ እንደገና ዝፈኚ። አሁን ከላይ የሰጠሁሽን ቦታዎች እየነካሽ አንድ በአንድ ፈልጊ። የትዝታው ካልገጠመልሽ የሌላውን ቅኝት ሞክሪ። የመጀመሪያውን ስንኝ ለማግኘት አንድ ምሽት ሊፈጅ ይችላል። ይፍጅ። በዚህ መንገድ ያገኘሽው ዜማ አይጠፋሽም፣ ሁለተኛውን ስትፈልጊ ደግሞ ግማሽ ጊዜ ነው የሚወስድብሽ። ታብ እያዩ የተለማመዱ ሰዎች ወረቀቱ ሲነሳ እጃቸው ይቆማል፣ ይህን ብዙ ተማሪ ላይ አይቻለሁ።

ይህ ዜማ ለጀማሪ የሚመቸው በሌላም ምክንያት ነው። የቅብብል ዜማ ስለሆነ አንድ አጭር መስመር ይደጋገማል። አንቺ አውጪውን ትጫወቻለሽ፣ ልጆቹ ይቀበላሉ። እነሱ ሲቀበሉ አንቺ ክፍቱን ዲ እና ኤ ብቻ በጭብጨባው ልክ እየመታሽ ትቆያለሽ፣ እግረ መንገድሽን እጅሽም ያርፋል። ትንሽ ብትሳሳቺም ማንም አይሰማሽም፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ተብሎ የለ።

የፈረንጆቹንም አትናቂያቸው። ልጆቹ ከቴሌቪዥን ያውቋቸዋል፣ ጣትንም ያሠለጥናሉ። ሁለቱን እመክርሻለሁ። አንዱ ጆይ ቱ ዘ ወርልድ የሚባለው ነው። መግቢያው ከላይኛው ዶ ተነስቶ አንድም ሳይዘል ስምንቱን ድምፅ ወደ ታች መውረድ ነው። ኤ ክር ላይ 5፣ 4፣ 2፣ 0፤ ወደ ዲ ክር ተሻግረሽ 5፣ 4፣ 2፣ 0። ሙሉውን የሜጀር ስኬል፣ ከዶ እስከ ዶ ያለውን የድምፅ መሰላል፣ ተጫወትሽ ማለት ነው፣ ልምምድም ዘፈንም ሆነልሽ። ጊዜ አጠባበቁን ብቻ ከቀረጻው ስሚ፣ ሁሉም ድምፅ እኩል አይረዝምም።

ሁለተኛው ሳይለንት ናይት ነው። በ1818 ኦስትሪያ ውስጥ ኦበርንዶርፍ በምትባል ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘመር በጊታር ነበር የታጀበው፣ ስለዚህ ለእንደኛ ዓይነቱ ባለ ክር መሣሪያ ባዳ አይደለም። በጂ ተጫወቺው። ዲ ክር 0፣ 2፣ 0፣ ከዚያ ጂ ክር 4፤ ይህንኑ ድገሚ። ቀጥሎ ኤ ክር 0፣ 0፣ ዲ ክር 4። ከዚያ ዲ ክር 5፣ 5፣ 0። የቀረውን በጆሮሽ ታገኚዋለሽ። መጨረሻው ክፍቱ ጂ ላይ ያርፋል፣ ከላይ ደግሞ ኤ ክር 3ኛውን አያልፍም፤ እጅሽን ከቦታው ሳታንቀሳቅሺ ትጨርሺዋለሽ ማለት ነው። ምቱ በሦስት ነው፣ እሱ አያስቸግርሽም፤ ችክችካ ሰምቶ ላደገ ሰው በሦስት መቁጠር ቀላል ነው።

ጂንግል ቤልስ የሚባለውን ግን ለመጨረሻ አቆዪው። ቀላል ነው፣ ዲ ክር ላይ 4፣ 4፣ 4 እያለ ይጀምራል። ፍጥነት ስለሚጠይቅ ጀማሪን ያጣድፈዋል፣ የተጣደፈ እጅ ደግሞ ይጨብጣል። ለነገሩ በ1857 የታተመ የበረዶ ጋሪ ዘፈን ነው እንጂ ግጥሙ ውስጥ ገና የሚል ቃል የለም። ልጆቹ ካልለመኑሽ ቢቀርም ምንም አይደል።

ጣትሽን በተመለከተ። የጣት ጫፍ ማመም ያለ ነው፣ የብረት ክር ነው፣ ያውም ጥንድ ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ጫፉ ይጠነክራል። አንጓ ወይም የእጅ መገጣጠሚያ ካመመሽ ግን አቁሚ፣ እሱ የአያያዝ ችግር ነው። ጣትሽን ፍሬቱ ብረት ላይ ሳይሆን ከኋላው፣ ልክ ጥግ ላይ አሳርፊ፤ ያኔ ትንሽ ጉልበት ይበቃል። ክሩ ከአንገቱ በጣም ርቆ እንደሆነም እዪ። 12ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መሃል ያለው ክፍተት ከ2 ሚሊ ሜትር ብዙ ከበለጠ መሣሪያው ነው የሚያሰቃይሽ። ክሮቹን የሚሸከመው እንጨት፣ ብሪጁ፣ ጎንና ጎኑ ላይ የሚዞር ትንሽ ጎማ የመሰለ ብረት ካለው ክሩን አላልተሽ ዝቅ አድርጊው። ከሌለው ባለሙያ ያሳንሰው። ርካሽ ማንዶሊኖች ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆነው ነው ከሱቅ የሚወጡት፣ ሰው ግን «እኔ አልችልም» ብሎ ይተዋል፤ ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

በቀን 20 ደቂቃ ይበቃሻል፣ ግን በየቀኑ። እሑድ ሦስት ሰዓት ተቀምጦ ሳምንቱን መተው ምንም አይጠቅምም። ፒኩን፣ ክሩን የምትመቺበትን ትንሽ ቁራጭ፣ ላላ አድርገሽ ያዢ፣ መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ታች ምቺ፣ ሲለምድልሽ ታች ላይ ታች ላይ። ድምፁን ለማስረዘም እጅን እያንቀጠቀጡ የሚመቱት፣ ትሬሞሎ የሚባለው፣ በጣም ያምራል። እነ አየለ ማሞ ማንዶሊኑን እንደ ሰው ድምፅ ያናገሩት በሱ ነው። ዘንድሮ ግን አትቸኩዪበት። መጀመሪያ አንዱ ድምፅ ጥርት ብሎ ይውጣ።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። እኔ ደብረ ማርቆስ የምኖር የማሲንቆ ሰው ነኝ፣ ዕድሜዬም ገፍቷል። የልጅ ልጄ ማንዶሊን ጀምሯል። ለገና አብረን እንጫወት ብለን ተቀመጥን፣ ግን አልገጥም አለን። እኔ የምወደው ድምፅ እሱ ጋ የለም። ጥፋቱ የማነው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያክብርዎ አባቴ። የማንም ጥፋት አይደለም። የእርስዎ ማሲንቆ ፍሬት የለውም፣ ጣትዎ ያረፈበት ሁሉ ድምፅ ነው። በሁለት ድምፅ መሃል ያለውን፣ ሲንሸራተቱ የሚያገኙትን፣ ያንን የሚጣፍጠውን ማንዶሊን አያውቀውም። ብረቱ እዚህ ነው ካለ እዚህ ነው። ስለዚህ ልጁን ወደ እርስዎ ማምጣት አይቻልም፣ እርስዎ ግን ወደ ልጁ መሄድ ይችላሉ። ጭራውን ከእሱ ክፍት ዲ ጋር ያስማሙት፤ ለድምፅዎ ከከበደዎት ከጂ ጋር ይሁን። ከዚያ ዜማውን እርስዎ ይያዙት። እሱ መጀመሪያ ዲ እና ኤን ብቻ እየመታ ምቱን ይጠብቅልዎት፣ ዜማው ውስጥ አይግባ። እርስዎ ሲያርፉ እሱ ያንኑ መስመር ይድገመው። አንድ ላይ አንድ ዓይነት መስመር ስትጫወቱ ነው ልዩነቱ ጎልቶ የሚሰማው፤ ስትቀባበሉ ግን ሁለቱም በየራሱ ያምራል።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ልጁ የሚያርፍበትን ድምፅ ሲስት ወዲያው አያስቁሙት፣ መስመሩን ይጨርስና ከዚያ በአፍዎ ያዚሙለት። እሱ ከስልክ የማያገኘው ትምህርት እርስዎ ጋ ነው ያለው። የድሮውን የገና ዜማ ከእርስዎ አፍ ከያዘው፣ ማንዶሊን ላይም ቢሆን ዜማው የእርስዎ አገር ዜማ ሆኖ ይቀጥላል። ብዙ ልጆች ይህን ዕድል አላገኙም።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሽዬ፣ ባሕር ዳር ነው ያለሁት፣ 17 ዓመቴ ነው። በጾሙ ማንዶሊን መለማመድ ችግር አለው? ሰንበት ትምህርት ቤት ይዤው ሄጄ የገናን ማኅሌት ባጅብስ?

መልስ፦ የኔ ጎበዝ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ለንስሐ አባትህ አቅርብ። እኔ የሙዚቃ ሰው ነኝ፣ ካህን አይደለሁም። የእኔን ሐሳብ ከፈለግህ፣ በሩን ዘግቶ ስኬል የሚለማመድና መዝሙር በጆሮው የሚፈልግ ልጅ ጭፈራ ቤት የገባ አይመስለኝም። ዘፈኑን ለበዓሉ አቆየው።

ሁለተኛውን ግን አታድርገው። ማኅሌት የራሱ መሣሪያ አለው፤ ከበሮ፣ ጸናጽል፣ መቋሚያ። ማንዶሊን እዚያ ቦታ የለውም። ሰንበት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ለመዝሙር የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን የሚወስኑት ኃላፊዎቹ ናቸው፣ ሳትጠይቅ ይዘህ እንዳትገባ። በሙዚቃውም በኩል ብናየው አያዋጣህም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የተሠራ ነው፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ርክርክ፣ ሂደት በሚባሉት የዜማ ምልክቶቹ ድምፁ እየተንሸራተተና እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል። ይህን ፍሬት ባለው መሣሪያ ልከተል ብትል ዜማውን ትቆራርጠዋለህ። ቁጭ ብለህ ከመሪጌታው ስማው። በድምፅህ ተማረው። ለመንፈሳዊ ዜማ ክር ያለው መሣሪያ ከፈለግህ በገና አለልህ፣ አሥር አውታር፣ ባሕር ዳርም የሚያስተምር አይጠፋም። አፈላልግ።

ጥያቄ፦ ከዳንግላ ነው። የማንዶሊኔ ቀጭኑ ክር ሁለቴ ተበጠሰብኝ። የምቃኘው በስልክ ነው፣ ኢ እስኪል አጠብቀዋለሁ። ባሕር ዳር አስፈልጌ የማንዶሊን ክር አጣሁ፣ ያለው የጊታር ብቻ ነው። ምን ላድርግ? እግረ መንገዴን ሁሉንም ክር ፈትቼ ላጽዳውም አስቤያለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ፈትተህ ከሆነ አቁም! ማንዶሊን ላይ ብሪጁ በብዛት አይጣበቅም፣ በክሮቹ ግፊት ብቻ ነው የቆመው። ሁሉንም ከፈታህ ይወድቃል፣ ቦታውንም ታጣዋለህ። አንድ ጥንድ ፈትተህ፣ አጽድተህ፣ መልሰህ አስረህ፣ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው ሂድ። አሁኑኑ ግን ብሪጁ የቆመበትን ቦታ በእርሳስ ነካ አድርገህ ምልክት አድርግ። ከተንቀሳቀሰብህ እንዲህ ትመልሰዋለህ፦ ክፍቱን ክር ምታ፣ ከዚያ ያንኑ ክር 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭነህ ምታ። ያው ድምፅ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ መሰማት አለበት። 12ኛው ከሚገባው ቀጥኖ ከተሰማ ብሪጁን ከአንገቱ ትንሽ አርቀው፣ ወፍሮ ከተሰማ አስጠጋው።

የመበጠሱ ምክንያት እንደሚመስለኝ ስልኩ ነው። አንዳንዱ መቃኛ ፊደሉን ብቻ ነው የሚያሳየው፣ የትኛው ኢ እንደሆነ አይነግርህም። አንተ ትክክለኛውን ኢ አልፈህ ወደ ሚቀጥለው ስትጎትተው ክሩ መንገድ ላይ ይበጠሳል። በኸርዝ የሚያሳይ መቃኛ አውርድ። ጂ 196፣ ዲ 294፣ ኤ 440፣ ኢ 659 አካባቢ ነው። ከዚያ አትለፍ። ክሩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ አናቱ ላይ ካለው ቦይ ጋ የሚበጠስ ከሆነ ግን ቦዩ ስለት አለው ማለት ነው፤ በጣም ለስላሳ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ እርሳስም ቀባ ቀባ አድርግበት።

የጊታር ክር ይሆናል። ለኢ የጊታርን የመጨረሻውን ቀጭን ክር ውሰድ፣ ባለ 10 የሚባለውን። ለኤ ደግሞ ሁለተኛው ቀጭን ክር ይሠራል። ጥንድ ስለሆነ ሁለት ሁለት ግዛ፣ አንዱን አሮጌ አንዱን አዲስ ካደረግህ ቅኝቱ አይረጋልህም። የጊታሩ ክር ጫፉ ላይ ክብ ብረት አለው፣ የማንዶሊኑ ማሰሪያ ግን ቀለበት ነው የሚፈልገው። ክቧን ብረት ጎንና ጎኗን በፒንሳ ቀስ ብለህ ጨፍልቃት፣ ተሰንጥቃ ትወጣለች፣ ክሩ ላይ ቀለበቱ ይቀርልሃል። ዓይንህን ጠብቅ፣ ብረቷ ትፈናጠራለች። የጠመዘዘውን ሽቦ እንዳትነካው። አዲስ ክር የመጀመሪያዎቹን ቀናት እየላላ ያስቸግርሃል፣ ስለዚህ የገና ዋዜማ ማታ አትቀይረው፤ ቢያንስ ሳምንት ሲቀረው ቀይረህ በየቀኑ ቃኘው።